ዕቅድ በወንፈል

እኛ ዘንድ የማይዋዋሱት ነገር የለም። ወንፊት ይዋዋሳሉ፣ ምሳር ይዋዋሳሉ፣ ለሠርግ ድስት፣ ለእንግዳ አልጋ ይዋዋሳሉ። በሬ የሞተበት የጎረቤቱን በሬ፣ ጎረቤቱ ደግሞ የእሱን ጉልበት ይዋሳል። ይህ የጉልበት መዋዋስ መንዝ ውስጥ ወንፈል ይባላል፤ ዛሬ የእኔን ገብስ አብረን እናጭዳለን፣ በሚቀጥለው ያንተን። ማንም ማንንም አያመሰግንም፤ ተራው ይደርሳላ። ይህንንማ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም የምሄደው አንድ የማይዋሱት ነገር እንዳለ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

የማይዋሱት ነገር የመምህር የትምህርት ዕቅድ ነው። መምህር ደግ ሰው ነው፤ ጠመኔውን ይሰጣችኋል፣ ጃንጥላውን ይሰጣችኋል፣ ደመወዝ ሳይወጣም ቢሆን ሻይ ይጋብዛችኋል። «የዛሬውን ዕቅድህን እስቲ ልየው» ያላችሁት እንደሆነ ግን ፊቱ ይለዋወጣል፤ ክንዱን ደብተሩ ላይ ያሳርፍና ስለ ብርዱ ማውራት ይጀምራል። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አልጻፈውም፣ ወይ የአምናውን ቀኑን ብቻ ለውጦ ገልብጦታል። ይህን የምለው እኔም መምህር ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው እቀየመዋለሁ።

ይህን የማወጋችሁ ነገር የተፈጸመበት ዘመን «ምርጥ ተሞክሮ» የነገሠበት ዘመን ነበር። ስብሰባ በተጠራን ቁጥር ጠዋት «ምርጥ ተሞክሮ ይቀመር፣ ይስፋፋ» እንባላለን፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ «ኩረጃን በጋራ እንዋጋ» እንባላለን። የጠዋቱንም የከሰዓቱንም አጨብጭበን እንለያያለን። ምርጥ ተሞክሮ ማለት የሌላውን ሰው ሥራ ወስዶ መጠቀም ነው፤ ኩረጃም እንዲሁ። የሁለቱን ልዩነት ብዙ ዓመት አሰላስዬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ማኅተም ያረፈበት ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ያላረፈበት ኩረጃ ነው።

ያን ጊዜ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ነበር። በዚያ ላይ የአካባቢውን ቀበሌዎች የጎልማሶች ትምህርት እንዳስተባብር ተደረግሁ። «ተደረግሁ» ያልኩት ጠይቄ ያገኘሁት ሹመት ስላልሆነ ነው። በየቀበሌው ጎልማሶቹን የሚያስተምሩት አሥረኛ ክፍል ጨርሰው በየዓመቱ በሚታደስ ውል የተቀጠሩ ልጆች ነበሩ። መንግሥት «አመቻች» ይላቸዋል፤ ሕዝቡ «መምህር» ይላቸዋል። በዚህ ነገር እኔ ከሕዝቡ ጋር ነኝ።

ገበሬ በሥራ ቀን ትምህርት ቤት አይመጣም። ቢመጣም ልቡ ማሳው ላይ ነው። ስለዚህ ክፍል የሚከፈተው በሬ በማይጠመድበት በእሑድና በየወሩ በዓላት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ እግዚአብሔር ነበር፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ገበሬ ማሰልጠኛው ይመጣል። መንዝ ውስጥ በዓል ብርቅ ስላልሆነ የመማሪያ ቀን አጥተን አናውቅም። የወረዳው ዕቅድ የሚቆጥረው በሳምንት ነው፤ የእኛ በታቦት። ሁለቱን ማጣጣም የአስተባባሪው ሥራ ነበር፤ ደመወዙ ግን ሕፃናት ለማስተማር የሚከፈለኝ ብቻ ነው።

ሌላው ችግር መጽሐፉ ነበር። ከላይ የተላከልን የጎልማሶች መማሪያ ሥዕል ያለው፣ ወረቀቱም የሚያምር መጽሐፍ ነው፤ ግን ቡና እንዴት እንደሚለቀም፣ ሙዝ እንዴት እንደሚተከል ያስተምራል። እኛ ዘንድ ቡና የሚገኘው ከሱቅ ነው። ደጋው ላይ ውርጭ ገብሱንም እየመረጠ ነው የሚምረው። በዚህ ምክንያት አስተማሪዎቹ ልጆች በገብስና በበግ፣ በሱፍና በኩበት ላይ የራሳቸውን ዕቅድ መጻፍ ነበረባቸው፤ እያንዳንዱም ብቻውን፣ ሌላው ምን እንደሚጽፍ ሳያውቅ ይደክማል።

ወንፈሉን ያመጣችው ወይንሸት ናት። ወይንሸት ነፋስ የማያርፍበት አንድ ጋራ ላይ የምታስተምር፣ የዚያው ቀበሌ ተወላጅ ልጅ ነበረች። የገዛ እናቷ ተማሪዋ ናቸው። ክፍል ውስጥ «መምህርት» ይሏታል፤ ቤት ሲገቡ ግን ያው «አንቺ» ነው፣ ውኃም ያስቀዷታል። አንድ የገበያ ቀን ሞላሌ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሁሉም ስለ ዕቅድ ሲያማርር፣ ሻይዋን አስቀምጣ፣

«ገብሱን በወንፈል እናጭድ የለም እንዴ? ይኼንንስ ለምን በወንፈል አንሠራውም?» አለች።

አንዱ ስለ ማሳ ልኬት ይጽፋል፣ ሌላው ስለ በግ በሽታ፣ ሌላው ስለ ሚዛን፣ እሷ ደግሞ ስለ ማዳበሪያ። በገበያ ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሁሉም የሁሉንም በእጁ ይገለብጣል። እኔ «ደብተሬን አላሳይም» የሚል ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንድም አልነበረም። ነገሩ ወንፈል ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ሆነ። በመምህርነት ዘመኔ ሰው ዕቅዱን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደስ ብሎኝ የሁሉንም ሻይ ከፈልኩ።

የወይንሸት ዕቅድ ከሌሎቹ ለየት ይላል። የሌሎቹ «መምህሩ ያስረዳል፤ ተማሪዎች ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎች ይገነዘባሉ» የሚል፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚገነዘብ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ በዕቅድ ላይ ግን ሁሉም ይገነዘባል። የወይንሸት እንዲህ ይላል፤ «መምህርቷ ስለ ብስባሽ ጥቅም ታስረዳለች። አያ ጥላዬ ይነሳሉ። ‹ኩበቱን ለመሬቱ ካበላነው እኛ በምን እንሞቃለን?› ይላሉ። መልስ፤ ኩበቱ ለምድጃ ይቅር፤ አመዱ፣ የቤት ጥራጊውና የበጉ በጠጥ ለማሳው ይሁን።» ቀጥሎ ደግሞ፤ «አያ ጥላዬ አይቀመጡም። ‹በጉ የሚውለው ተራራ ላይ፣ ማሳዬ ያለው ከቤቴ ሥር፤ በጠጡን ማን ያመጣልኛል?› ይላሉ። መልስ፤ ውሎው ተራራ ቢሆንም አዳሩ በረት ነው፤ ከበረቱ ይጠረጋል።» እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል።

አያ ጥላዬ የወይንሸት ተማሪ ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጉልበታቸው ያልደከመ፣ ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፉ አዛውንት። ትምህርት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የሚወዱበት ምክንያት ግን ክርክር ስላለበት ነው። ፊደል መቁጠር ሲጀምሩ «በዚህ አገር ስሜን የማያውቅ ማን አለና ነው የምጽፍለት?» ብለው ብዙ እሑድ ተሟግተዋል። ስለ ማሳ ልኬት ሲወራ «ከተለካ ግብር ይጨምራል»፣ ስለ ቁጠባ ሲወራ «የእኔ ቁጠባ እየጋጠ ነው» ይላሉ። ቤት የሚገባ ሰው በበሩ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ወይንሸትም ትምህርቷን ወደ ክፍሉ የምታስገባው በአያ ጥላዬ በኩል ብቻ እንደሆነ ገባት። ስለዚህ ዕቅዷ ውስጥ ጻፈቻቸው። ይኸው ነው ነገሩ።

አሁን ታደለን ላስተዋውቃችሁ። ታደለ ከቀየት አቅጣጫ የሚመጣ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ሲገለብጥ ነጥብ የማያስቀር ልጅ ነው። የወይንሸትን ዕቅድ ሲገለብጥ አያ ጥላዬንም አብሮ ገለበጣቸው። «ስማቸውን ለምን አልዘለልከውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰው ሥራ ነው፤ እንዴት እቆርጠዋለሁ?» አለኝ። ሌሎቹም ይህንኑ አደረጉ። በወንፈል ያጨድከውን ነዶ ለባለቤቱ ሳታስረክብ መንገድ ላይ አትፈታውም፤ ሐሳባቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ታደለ በማርያም ዕለት ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ብስባሽ አስረዳና እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰ። «አያ ጥላዬ ይነሳሉ» ብሎ አነበበ። ማንም አልተነሣም። የታደለ ክፍል ውስጥ አያ ጥላዬ የሚባል ሰው የለማ። ልጁ ትንሽ ቢጨነቅም ማንበቡን አላቆመም፤ ጥያቄያቸውን አሰማ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«እኒህ ሰውዬ ማናቸው?» አሉ።

«በወዲያኛው ቀበሌ የሚማሩ ሰው ናቸው» አለ ታደለ።

«ማንም ይሁኑ፤ እውነታቸውን ነው።»

ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ገበሬ «ምን እውነት አላቸው፤ አመዱን የት ሊያደርሱት ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ታደለ አንድ ቃል መናገር አልቻለም። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ለአያ ጥላዬ ወግኖ፣ ግማሹ ተቃውሟቸው፣ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተሟገተ። በሚቀጥለው በዓል ቀርተው የነበሩት ሁሉ መጡ። «አያ ጥላዬ ዛሬስ ምን አሉ?» እያሉ ነው የሚገቡት። በቃል የማይጨርሱትን ታደለ «እንግዲያው ጻፉላቸው» አላቸው። «አያ ጥላዬ አመድ ይሞክሩ» የምትል አንዲት ወረቀት ትዝ ትለኛለች፤ ፊደሎቿ ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው። ወረቀቶቹ በገበያ ቀን ሻይ ቤት ይደርሳሉ፤ ወይንሸት ታደርሳለች፤ አያ ጥላዬ ደግሞ አስበውበት መልስ ይሰጣሉ። በሰፊው የተነገረለት የጎልማሶች ትምህርት ዘመቻ ያላስጻፋቸውን ሰዎች አንድ ተከራካሪ ሽማግሌ አስጻፋቸው።

እንግዲህ ነገር በዚሁ ቢያልቅ ምን አለበት፤ አላለቀም። ከወረዳው አዲስ ባለሙያ መጣ። አሰፋ ይባላል። ወጣት ነው፤ ከዓለም ከተማ በኩል፣ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ፤ የደጋችን ብርድ ፊቱን ልጦት፣ በሞተር ብስክሌት ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ዓይኑ ያለቅሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት በሠራበት ቦታ በወረቀት ላይ ብቻ የሚማሩ ጎልማሶች አጋጥመውት፣ የሞቱ ሰዎች ሳይቀሩ «ፊደል ለይተዋል» ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ አይቶ፣ ልቡ ደንድኗል። በዚያ ዘመን ሪፖርት የማያስነሣው ሙት አልነበረም።

አሰፋ መጀመሪያ የደረሰው ታደለ ዘንድ ነው። ዕቅዱን ተቀብሎ አነበበና «አያ ጥላዬ የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። «እዚህ የሉም፤ ግን በደንብ እናውቃቸዋለን» አለው ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። ወደሚቀጥለው ቀበሌ ሄደ፤ እዚያም ዕቅዱ ውስጥ አያ ጥላዬ ይነሳሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አያ ጥላዬ የሉም። በሦስተኛውም እንዲሁ። ተማሪዎቹ ደግሞ ስለ ሰውዬው ጠባይ፣ ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ማሳቸው አቀማመጥ እየተሻሙ ያስረዱታል። እሱ በበኩሉ የባሰ ተጠራጠረ።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

«እኒህ ሰው ስንት ቀበሌ ነው የሚማሩት?»

«አንድ ቀበሌ ነው፤ የወይንሸት ተማሪ ናቸው። ሌሎቹ ዕቅዱን ተዋውሰው ነው» አልኩት።

«ተዋውሰው? ተኮራርጀው አይሉም? ደግሞስ ‹ተቃውሞ› ምን ማለት ነው? በመንግሥት ዕቅድ ላይ ተቃውሞ ይታቀዳል?»

እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ ይህን ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ ማየት የሚያስደስት ነገር አልነበረም። ወይንሸት ከርዕሱ በታች «የሚጠበቅ ተቃውሞ» ብላ ማስመሯ ነው ያስደነገጠው። እኔ ላስረዳው ብሞክርም አሳቡን ጨርሶ ነበር የመጣው። ዕቅድ መዋዋስ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም አለ። አያ ጥላዬ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ለሪፖርት ማድመቂያ የተፈጠሩ ናቸው፤ የፈጠረቻቸውም ወይንሸት ናት። በሚካኤል ዕለት ራሱ መጥቶ ያያል፤ በዕቅዱ ላይ እንደተጻፈው የሚነሣ፣ የሚከራከር ሰው ካለ መልካም፤ ከሌለ ውሏ አይታደስም።

ለወይንሸት ስነግራት አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«ጋሼ፣ እኔ ያለውን ሰው ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔስ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እዚያ ጋራ ላይ ወጥቶ የሚያስተምር ግን ማን ይመጣል? ክፍሉ መዘጋቱ ነው። እናቴ ገና ‹ቀ› ላይ ናት፤ ማን ያስጨርሳታል?»

ከእሷ በፊት ወደዚያ ቀበሌ ተመድበው የነበሩት ነፋሱን አይተው እንደተመለሱ አውቃለሁና የምትለው ማጋነን አልነበረም።

አብረን አያ ጥላዬ ቤት ሄድን። በረታቸውን ሲጠርጉ አገኘናቸው፤ በጠጡን ልክ እንደ ትምህርቱ አንድ ጥግ ከምረውታል። ወይንሸት ነገሩን አስረዳቻቸው። ከወረዳ ሰው እንደሚመጣ፣ ሥራዋ በእሳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁሉን ነገረቻቸው።

«አያ ጥላዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እንደ ወትሮዎ ብቻ ይሁኑልኝ።»

«አታስቢ ልጄ» አሉ መጥረጊያቸውን እያስቀመጡ። «አላሳፍርሽም።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ ሁለታችንም ልብ አላልንም። ደስ ብሎን ተመለስን።

የሚካኤል ዕለት ክፍሉ ሞላ። አሰፋ ከፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው፤ የበግ ቆዳም ተነጠፈለት፣ እንግዳ ነዋ። አያ ጥላዬ ሲገቡ እኔ ራሴ ላውቃቸው አልቻልኩም። ለጥምቀት የሚያወጡትን በርኖስ ደርበዋል፣ ጢማቸውን ተስተካክለዋል፣ ጭራ ይዘዋል። ለአሰፋ እጅ ነሥተው ቦታቸው ተቀመጡ። ወይንሸት በደንብ ጀመረች። ስለ ብስባሽ አስረዳች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ቆመችና ወደ ፊተኛው አግዳሚ አየች። ክፍሉም አየ። አሰፋም ዕቅዱን ከፍቶ፣ ጣቱን «አያ ጥላዬ ይነሳሉ» የሚለው ላይ አድርጎ አየ።

አያ ጥላዬ ተነሡ።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ። «በጣም ደህና ትምህርት ነው። እንደተባለው እናደርጋለን።» ተመልሰው ተቀመጡ።

ወይንሸት ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረበች። «የማገዶውን ነገርስ... ኩበቱ ለምድጃ ያስፈልገናል የሚል ሰው የለም?» ብላ ሞከረች። አያ ጥላዬ ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። የወይንሸት እናት ከጎናቸው ተቀምጠው ኖሮ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው፤ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዳ ፊት?» ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። አላሳፍርሽም ያሉት ከልባቸው ነው። ከሩቅ የመጣ፣ ቆዳ የተነጠፈለት እንግዳ ባለበት መምህርቷን መሞገት እሷን ማዋረድ ነው፤ ይህን ደግሞ አያ ጥላዬ እንኳን ለወረዳ፣ ለማንም ብለው አያደርጉትም። ስንቱን በዓል የተጨቃጨቁት ሰውዬ፣ ቢጨቃጨቁ በምትድንበት ቀን ጨዋ ሆነው ተገኙ። ልስቅም ላለቅስም አሰብኩ፤ ሁለቱንም ለማድረግ ቦታው አልተመቸም።

አሰፋ ዕቅዱን አጠፈው። «ይህን የመሰለ ጨዋ አባት ነው ተከራካሪ ብላችሁ የጻፋችሁት?» አለ። በቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ያዘነ ይመስላል። ወይንሸት ፊቷን አዞረች። ሰሌዳውን ስትጠርግ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። አሰፋ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አያ ጥላዬ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎኑ ቆሙ። ሽማግሌ በእግሩ እየሸኘህ ሞተር ላይ አትወጣም፤ አሰፋም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፣ ይሉኝታ ያዘውና ሞተሩን በእጁ እየገፋ መሄድ ጀመረ። እኔና ወይንሸት ከኋላ ተከተልን፣ ከኛ ኋላ ደግሞ ክፍሉ። የቀበሌው ሽኝት ልማዱ ከጋራው ግርጌ እስካለችው ትንሽ ወንዝ መሻገሪያ ነው። አያ ጥላዬ እስከዚያ ድረስ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቆላው ማሽላ፣ ስለ አሰፋ ወላጆች ደኅንነት ብቻ ሲጠይቁ ቆዩ። ወንዟን ተሻገሩ። ሽማግሌው ቆም ብለው ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«እስካሁን እርስዎ እንግዳችን ነበሩ» አሉት። «እንግዲህ መንገደኛ ነህ። መንገደኛን ሰው መጠየቅ ይችላል። ያ የብስባሽ ነገር አልገባኝም፤ ኩበቱን ለመሬቱ ካበላነው እኛ በምን እንሞቃለን?»

አሰፋ ሞተሩን እንደያዘ ቀረ። በበርኖስ የተጠቀለለውን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየና፣ ሳያስበው፣ «ኩበቱ ለምድጃ ይቅር፤ አመዱ፣ የቤት ጥራጊውና የበጉ በጠጥ ለማሳው ይሁን» አለ። ወይንሸት ክንዴን ያዘችኝ። ቃል በቃል የእሷ ዕቅድ ነው። አሰፋ በሦስት ቀበሌ ሲያነበው ከርሞ በቃሉ ይዞታል።

«በጉ የሚውለው ተራራ ላይ፣ ማሳዬ ያለው ከቤቴ ሥር። በጠጡን ማን ያመጣልኛል?»

«ውሎው ተራራ ቢሆንም አዳሩ በረት ነው፤ ከበረቱ ይጠረጋል።»

«ይጠረግ። በክረምትስ? በረቱ ጭቃ ሲሆን?»

ይህ ዕቅዱ ላይ አልነበረም። አሰፋ ሞተሩን አቆመው። ቆላ ውስጥ አባቱ እንዴት እንደሚያደርጉ ነገራቸው፤ አያ ጥላዬ ቆላና ደጋ አንድ እንዳልሆነ ነገሩት፤ እሱም አመዱ እርጥበቱን እንደሚመጥ ነገራቸው፤ እሳቸው ደግሞ አመዱ ከምድጃ ወጥቶ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ጠየቁት። ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አሰፋ ጓንቱን አወለቀ። ከኋላችን የነበሩት ተማሪዎች ወንዟን እየዘለሉ መጥተው ዙሪያቸውን ከበቡ፤ አንዳንዱ ለአሰፋ ይወግናል፣ አንዳንዱ ለአያ ጥላዬ። የወይንሸት እናት ለአሰፋ ወገኑ፤ ምድጃውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና አመዱን አንስቶ በሸክላ ማቆየት እንደሚቻል ተናገሩ። አያ ጥላዬ ለእሳቸውም ጥያቄ ነበራቸው። በዓሉ እዚያው ወንዝ ዳር አለቀ፤ ነፋሱን ያስታወሰ አልነበረም።

አሰፋ በመጨረሻ ሲነሣ ደክሞት ነበር፤ ግን ደስ ያለው ሰው ድካም ነበር። ዕቅዱን ከቦርሳው አወጣ፣ የሞተሩ ወንበር ላይ አስደገፈው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጥቂት ጽፎ ለወይንሸት ሰጣት። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ወይንሸት ወረቀቱን ይዛ ቆመች፤ ለማንበብ አልደፈረችም። እኔም መነጽሬን አልያዝኩም ነበር። ያን ጊዜ አያ ጥላዬ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሏት። ጭራቸውን ለእናቷ አስያዙ፣ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አድርገው፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ለሁላችንም አነበቡ።

«ዕቅዱ ጥሩ ነው። ለሌሎችም ይሰጥ። ለአያ ጥላዬ የሚሆን ሰዓት ግን አልተያዘም፤ ይያዝ።»

ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። እናቷ እልል ሊሉ ከጀላቸውና ለወረቀት እልል ይባል እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ተዉት። አያ ጥላዬ ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም። የመጨረሻዋን ቃል ደግመው አነበቧት፣ ገልብጠው ጀርባዋን አዩ፣ ምንም የለም።

«ደኅና አድርጎ ጽፏል» አሉ ወረቀቷን እየመለሱላት። «ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ለምን አልጻፈም?»